ሉካሽ ፒሽቼክ፦ ስለ ዶርትሙንዱ 26 ቁጥር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጀርመኑን ክለብ ዶርትሙንድን ከአሰልጣኝ ክሎፕ ዘመን ጀምሮ የተከታተለ ሰው 26 ቁጥር ማልያን አይረሳም። ስለ ሌዋንዶውስኪ፣ ስለ ጎትዜ፣ ስለ ሮይስ ብዙ ይወራል። የቀኝ መስመሩን ለ11 ዓመት ስለያዘው ፖላንዳዊ ግን ብዙም አይወራም። ይህ ያሳዝነኛል። ቡድን በኮከብ ብቻ አይቆምም። በየሳምንቱ ቦታው ላይ የሚገኝ፣ ሥራውን ጨርሶ የሚወጣ ሰው ያስፈልገዋል። ፒሽቼክ እንደዚያ ነበር። ስለ እሱ ሰዎች የሚጠይቋቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፒሽቼክ የት ነው የተወለደው?

ሰኔ 3 ቀን 1985 በደቡብ ፖላንድ፣ ቼኾቪትሴ-ጄጂትሴ በምትባል ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን እዚያው አጠገብ ባለችው ጎቻውኮቪትሴ ነው። በሕክምና መታጠቢያዎቿና በትልቁ የውሃ ግድቧ የምትታወቅ ትንሽ የገጠር መንደር ናት። ኳስ የጀመረው በመንደሩ ክለብ ነው። የዚችን መንደር ስም ያዙልኝ፣ ወደኋላ እንመለስባታለን።

ከመንደሩ ክለብ በኋላ ወደ ግቫሬክ ዛብዤ ሄደ። ይህ ክለብ በሲሌዢያ አካባቢ ታዳጊዎችን በማፍራት ስሙ የሚነሳ ነው።

እውነት ድሮ አጥቂ ነበር?

አዎ፣ ያውም ግብ አነፍናፊ የሚባል አጥቂ። በ2004 ስዊዘርላንድ ላይ በተደረገው ከ19 ዓመት በታች የአውሮፓ ዋንጫ 4 ግብ አስቆጥሮ ከአንድ ቱርካዊ ተጫዋች ጋር የውድድሩን የኮከብ ግብ አግቢነት ክብር ተጋራ። ሄርታ በርሊን ያየው በዚያ ጊዜ ነው። ወዲያው አስፈረመው። ነገር ግን በርሊን አላቆየውም። ለፖላንዱ ክለብ ዛግሌምቢዬ ሉቢን በውሰት ሰጠውና ሦስት የውድድር ዘመን እዚያው ተጫወተ። በ2007 ከሉቢን ጋር የፖላንድ ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ያኔም የሚሰለፈው ከፊት ነበር።

የኋላ ታሪኩን ለመረዳት ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ፒሽቼክ ከኋላ ተነስቶ ወደ ፊት ሲሮጥ የት መድረስ እንዳለበት አስቀድሞ የሚያውቅ ይመስል ነበር። ለካስ አጥቂ ሆኖ ስላደገ ነው። ተከላካይ የሚጠላውን ነገር ያውቃል። ኳሷ በየት በኩል ብትመጣ አጥቂው እንደሚደሰትም ያውቃል።

ታዲያ እንዴት ተከላካይ ሆነ?

በ2007 ወደ በርሊን ተመለሰ። መጀመሪያ ላይ በፊት መስመርና በክንፍ ተሞከረ፣ ግን ቋሚ ቦታ አላገኘም። ያኔ የሄርታ አሰልጣኝ ስዊዘርላንዳዊው ሉሲያን ፋቭር ነበር። ወደኋላ ስቦ የቀኝ መስመር ተከላካይ ያደረገው እሱ ነው።

አንድ አጥቂ 24 ዓመት ሊሞላው ሲል «ከዛሬ ጀምሮ ተከላካይ ነህ» ሲባል ሆድ ይብሰዋል። ብዙዎቹ ይህን እንደ ውርደት ነው የሚያዩት። ፒሽቼክ ግን ተቀብሎ ሠራበት። በ2009/10 ሄርታ ከቡንደስሊጋው ሲወርድ እንኳን እሱ ከቡድኑ ጥሩ ከሚባሉት መካከል ነበር። ፋቭር ያን የውድድር ዘመን ሳይጨርስ ቢሰናበትም ያየው ነገር ትክክል ነበር። ከዓመታት በኋላ ሁለቱ ዶርትሙንድ ላይ እንደገና ተገናኝተዋል።

ዶርትሙንድ ስንት ከፍሎ ነው ያመጣው?

ምንም። በ2010 ክረምት ውሉ አልቆ ነበር፣ በነፃ ዝውውር መጣ። በዚያው ክረምት ሌዋንዶውስኪ ከሌህ ፖዝናን፣ ካጋዋ ደግሞ ከጃፓን መጡ። የያኔው ዶርትሙንድ ገንዘብ የሚበትን ክለብ አልነበረም። ከኪሳራ አፋፍ ከተመለሰ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። በነፃ የመጣ ተጫዋች 382 ጨዋታ ሲያደርግለት፣ እኔ ከዚያ የተሻለ ግዢ በቀላሉ አይታየኝም።

ከክሎፕ ጋር ያን ያህል የተሳካለት ለምንድን ነው?

ክሎፕን አብዛኞቻችን የምናውቀው በሊቨርፑል ነው። አሌክሳንደር አርኖልድና ሮበርትሰን በመስመሩ ሲመላለሱ አይተናል። የዚያ አጨዋወት ቀዳሚ መልክ ዶርትሙንድ ላይ ነበር። በግራ ማርሴል ሽሜልዘር፣ በቀኝ ፒሽቼክ።

መጀመሪያ ሲመጣ የቀኝ ተከላካይነቱን የያዘው ፓትሪክ ኦዎሞዬላ ነበር። እሱ ሲጎዳ ፒሽቼክ ገባ። ከገባ በኋላ ቦታውን አላስነካም።

እስቲ አንዱን እንቅስቃሴ ቀረብ ብለን እንየው። ከፊቱ የሚጫወተው የአገሩ ልጅ ያኩብ ብላሽቺኮውስኪ ነው፣ ሁሉም ኩባ የሚሉት። ኩባ ኳሷን መስመሩ ላይ ይቀበላል። የተጋጣሚው የግራ ተከላካይ ወደ እሱ ይወጣል። በዚህ ቅጽበት ፒሽቼክ ከኋላ ተነስቶ ከኩባ ውጭ በኩል ይሮጣል። ተከላካዩ አሁን ለሁለት ሰው አንድ ነው። ኩባን ከያዘ ኳሷ ወደ ፒሽቼክ ትሄዳለች። ፒሽቼክን ከተከተለ ኩባ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ፒሽቼክ ኳሷን ካገኘ ደግሞ ብዙ አያንገላታትም። አንዴ ነክቶ ያሻማል፣ ሳጥን ውስጥ ሌዋንዶውስኪ አለ። ሦስቱም ፖላንዳውያን ናቸው፣ በብሔራዊ ቡድንም አብረው ነው የሚጫወቱት። ሳይተያዩ ይግባቡ ነበር።

ኳሷ ከጠፋች ደግሞ ያ ሁሉ ሩጫ ወደኋላ ይደገማል። ክሎፕ የሚፈልገው ይህንን ነው። ኳስ በጠፋች በሰከንዶች ውስጥ መልሶ መንጠቅ፣ ካልሆነም ሮጦ ቦታ መያዝ። ይህን ለ90 ደቂቃ ለማድረግ ሳንባ ያስፈልጋል። ፒሽቼክ ላቡን ጠብ አድርጎ ይሠራ ነበር።

ውጤቱ ታየ። በ2010/11 የቡንደስሊጋ ዋንጫ። በ2011/12 እንደገና፣ ያውም በ81 ነጥብ፣ በጊዜው የሊጉ ክብረ ወሰን የነበረ ነጥብ። በዚያው ዓመት በጀርመን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ፍጻሜ ባየርን ሙኒክን 5 ለ 2 ገረፉት፣ ሌዋንዶውስኪ ሦስት አገባ። ለክለቡ በታሪኩ የመጀመሪያው የሁለት ዋንጫ ዓመት ነበር።

በ2013 ዌምብሌይ ላይ ተጎድቶ ነው የተጫወተው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የዳሌ መገጣጠሚያው ችግር ነበረበት፣ የውድድር ዘመኑን በሕመም ነው የጨረሰው። ቀዶ ሕክምናውን ከሻምፒዮንስ ሊጉ ፍጻሜ በኋላ አስተላለፈው። ግንቦት 25 ቀን 2013 ዌምብሌይ ላይ ከባየርን ጋር ሙሉ ልቡን ሰጥቶ ተጫወተ። ማንጁኪች አገባ፣ ጉንዶጋን በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረገ፣ 89ኛው ደቂቃ ላይ ሮበን ጨረሰው። 2 ለ 1።

ከዚያ ወዲያው ሆስፒታል ገባ። ወደ ሜዳ የተመለሰው ወራት ቆይቶ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ነው። ሮጦ ለሚኖር ተጫዋች የዳሌ ጉዳት ከባድ ነው። እኔ እንደማየው የመጀመሪያ ሁለትና ሦስት ዓመታት ፍጥነቱ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። የተመለሰው በሌላ መንገድ ነው። መቼ መሮጥ፣ መቼ መቅረት እንዳለበት አወቀ።

ሌሎቹ ሁሉ ሲሄዱ እሱ እንዴት ቀረ?

ዝርዝሩን ስታዩት ይገርማል። ሻሂን በ2011 ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ። ካጋዋ በ2012 ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ። ጎትዜ በ2013 ወደ ባየርን። ሌዋንዶውስኪ በ2014 ወደዚያው። በ2016 ሁመልስ፣ ጉንዶጋንና ሚኪታሪያን በአንድ ክረምት ወጡ። ኩባም በዚያው ዓመት ሄደ። ከሄዱት አንዳንዶቹ በኋላ ተመልሰዋል። ፒሽቼክ ግን ውሉን እያደሰ ከቦታው አልተነቃነቀም።

አሰልጣኞችም ተፈራረቁበት። ክሎፕ፣ ቱኸል፣ ቦዝ፣ ስቶገር፣ ፋቭር፣ ተርዚች። ስድስት ሰው፣ ስድስት ዓይነት አስተሳሰብ። አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስወጣው ዕድሜው የገፋውን ነው። ፒሽቼክን ግን ሁሉም ተጠቅመውበታል። ፋቭር በ2019/20 ሦስት ተከላካይ ማሰለፍ ሲጀምር ከሦስቱ የቀኙን ቦታ ሰጠው። ከፊቱ እንደ ጥይት የሚወነጨፈው አሽራፍ ሃኪሚ ነበር። ሃኪሚ ወጥቶ ሲቀር ክፍተቱን የሚሸፍነው የ34 ዓመቱ ፒሽቼክ ነው። ድሮ ሌሎች ለእሱ ሲያደርጉለት የነበረውን አሁን እሱ ለወጣቱ ያደርጋል። ያንን የውድድር ዘመን ስከታተል ከግቦቹ ይልቅ ይህ ነገር ነው ልቤን የነካው።

የዶርትሙንድ አውቶቡስ ላይ ፈንጂ ሲፈነዳ ነበር?

ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን 2017 ቡድኑ ከሞናኮ ጋር ለሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ወደ ስታዲየም ሲሄድ አውቶቡሱ አጠገብ ሦስት ፈንጂዎች ፈነዱ። ማርክ ባርትራ እጁን ተጎዳ። ጨዋታው ወደ ማግስቱ ብቻ ነው የተላለፈው። አንድ ሌሊት እንኳን በቅጡ ያልተኙ ልጆች ሜዳ ገቡ። 3 ለ 2 ተሸነፉ። ሦስተኛዋ ግብ የተቆጠረችው ፒሽቼክ ያቀበላትን ኳስ ምባፔ ነጥቆ ነው። ይህን ስህተት የሚያነሱ ሰዎች ያ ጨዋታ በምን ሁኔታ እንደተደረገ አብረው ቢያነሱ ደስ ይለኛል። አሰልጣኙ ቱኸልም ያን ያህል በጥድፊያ እንዲጫወቱ በመደረጉ በግልጽ ቅሬታውን ተናግሯል።

በአጠቃላይ ምን አሸነፈ?

ከሉቢን ጋር አንድ የፖላንድ ሊግ። ከዶርትሙንድ ጋር ሁለት ቡንደስሊጋና ሦስት የጀርመን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ (2012፣ 2017፣ 2021)። ክለቡ እሱ በነበረበት ዘመን ሦስት ጊዜ የጀርመን ሱፐር ካፕንም ወስዷል። በዶርትሙንድ 382 ጨዋታ፣ 19 ግብ።

በብሔራዊ ቡድንስ?

66 ጨዋታ፣ 3 ግብ። የመጀመሪያውን የተጫወተው በ2007 መጀመሪያ ላይ ከኢስቶኒያ ጋር ነው። ለ2008 የአውሮፓ ዋንጫ መጀመሪያ አልተመረጠም ነበር፣ የገባው ኩባ ሲጎዳ በምትኩ ነው። በ2012 አገሩ ከዩክሬን ጋር ባዘጋጀችው የአውሮፓ ዋንጫ ላይ ብዙ ተጠብቆ ፖላንድ ከምድቡ አላለፈችም። ለሦስቱ የዶርትሙንድ ልጆች መራራ ክረምት ነበር።

ጥሩው ዘመን የመጣው በአሰልጣኝ አዳም ናቫውካ ጊዜ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2014 ዋርሶ ላይ ፖላንድ በዚያው ክረምት የዓለም ዋንጫ ያነሳችውን ጀርመንን 2 ለ 0 አሸነፈች። ፖላንድ ጀርመንን በታሪኳ አሸንፋ አታውቅም ነበር። የመጀመሪያዋን ግብ ተመልከቷት። ፒሽቼክ ከቀኝ ያሻማል። ኖየር ከግቡ ይወጣል፣ አይደርስባትም። አርካዲዩሽ ሚሊክ ቀድሞት በጭንቅላት ይመታታል። ዓመቱን ሙሉ በጀርመን ሜዳ የሚያሻማውን ኳስ በአገሩ ሜዳ ጀርመን ላይ አሻማው። አገር ምድሩ ተናወጠ።

በ2016 ፈረንሳይ ላይ ደግሞ እስከ ሩብ ፍጻሜ ደረሱ። ስዊዘርላንድን በፍጹም ቅጣት ምት ጥለው ከፖርቱጋል ጋር ማርሴ ላይ ተገናኙ። 1 ለ 1 አለቀ። በፍጹም ቅጣት ምት ኩባ ሳተ፣ ፖርቱጋል አለፈች፣ በኋላም ዋንጫውን ወሰደች። በ2018 የዓለም ዋንጫ ከምድብ ተሰናበቱ፣ ፒሽቼክም ከዚያ በኋላ ብሔራዊ ቡድን በቃኝ አለ።

መሰናበቻው ኅዳር 19 ቀን 2019 ዋርሶ ላይ ከስሎቬኒያ ጋር ተደረገለት። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል ተቀየረ። ተጫዋቾቹ በሁለት ረድፍ ቆመው አሳለፉት። ዓይኑ እምባ አቅርሮ ነበር።

በጨዋታ ማጭበርበር ተፈርዶበታል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፣ መደበቅም አያስፈልግም። ነገሩ የሉቢን ጊዜ ነው። በ2006 የሊጉ ማብቂያ ላይ የሉቢን ተጫዋቾች ከክራኮቪያ ጋር ያለውን ጨዋታ ውጤት ለማስተካከል ገንዘብ አዋጥተው ነበር። ፒሽቼክም ከአዋጪዎቹ አንዱ ነበር፣ ዕድሜው ያኔ 20 ነው። በኋላ ፖላንድ ውስጥ ትልቅ የሙስና ምርመራ ሲከፈት ራሱ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄዶ ተናገረ። በ2011 ፍርድ ቤት በገደብ የሚታይ የእስራት ቅጣትና የገንዘብ መቀጮ ወሰነበት።

እኔ ሰውየውን በጣም አከብረዋለሁ፣ ይህን ግን አላቃልለውም። ኳስ ላይ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። እሱም አላስተባበለም።

የመጨረሻ ዋንጫው እንዴት ነበር?

የ2020/21 የውድድር ዘመን የመጨረሻው እንደሚሆን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው ያሳለፈው። ከዚያ በጥሎ ማለፉ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ወጣቱ የቀኝ ተከላካይ ማቴው ሞሬይ ጉልበቱን ክፉኛ ተጎዳ። ፍጻሜው ቀርቧል። ተርዚች 26 ቁጥርን ጠራው።

ግንቦት 13 ቀን 2021፣ በርሊን፣ ተጋጣሚው ላይፕሲሽ። በኮቪድ ምክንያት ተመልካች የለም። ሊሞላው የተቃረበ ዕድሜ 36 ነው። ከመጀመሪያው ተሰለፈ። ሳንቾ ሁለት፣ ሃላንድ ሁለት አገቡ፣ 4 ለ 1። ጨዋታው ሲያልቅ ፒሽቼክ እምባው መቆም አቃተው። የቡድኑ ልጆች ተሸክመው ወደ ላይ ወረወሩት። ብዙዎቹ እሱ ለዶርትሙንድ ሲፈርም ገና ልጆች ነበሩ፣ ሃላንድ ያኔ ዕድሜው 9 ብቻ ነው።

ያ ደጋፊ የሌለበት ስታዲየም እስካሁን ይቆጨኛል። ቢጫው ግድግዳ የሚባለው የዶርትሙንድ ደጋፊዎች መቆሚያ ያለበት ስታዲየም ከ80 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ሊያጅበው ይገባ ነበር። ደግነቱ ዕዳው ተከፈለ። በመስከረም 2024 ዶርትሙንድ ለእሱና ለኩባ በአንድ ላይ የመሰናበቻ ጨዋታ አዘጋጀ። ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሞላ። ክሎፕም ከሊቨርፑል ከወጣ በኋላ ወደዚያ ሜዳ ተመልሶ አሰልጣኝ ሆኖ ቆመ።

ከዶርትሙንድ ሲወጣ የት ሄደ?

ወደ መንደሩ። ጎቻውኮቪትሴ ተመልሶ ኳስ ለጀመረበት ክለብ፣ በፖላንድ አራተኛ እርከን ሊግ መጫወት ጀመረ። የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የተጫወተ ሰው ከአካባቢው ልጆች ጋር ማልያ ይለብስ ነበር። ዶርትሙንድ ሳለ ጀምሮም በመንደሩ ከዶርትሙንድ ጋር በመተባበር የታዳጊዎች አካዳሚ ከፍቷል። ብዙ ተጫዋች «ለመጣሁበት ቦታ አንድ ነገር ማድረግ እፈልጋለሁ» ይላል። ፒሽቼክ ሜዳውን፣ አሰልጣኞቹንና ልጆቹን አሰባስቦ አደረገው።

አሰልጣኝ ሆኗል?

አዎ። በመንደሩ ክለብ ሥራውን ጀመረ። በ2024 ክረምት የድሮ ጓደኛው ኑሪ ሻሂን የዶርትሙንድ ዋና አሰልጣኝ ሲሆን ረዳቱ አድርጎ ጠራው። ከሌሎቹ ረዳቶች አንዱ ስቨን ቤንደር ነበር፣ ሦስቱም የ2011 ሻምፒዮኖች ናቸው። ነገሩ ግን አልሰመረም። ጥር 2025 ላይ ቦሎኛ ላይ ከተሸነፉ በኋላ ሻሂን ተሰናበተ፣ ፒሽቼክም አብሮ ወጣ።

አጨዋወቱን ለማየት የትኞቹን ጨዋታዎች ልፈልግ?

በተለይ ራሳችሁ መስመር ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ሦስቱን እመክራለሁ። መጀመሪያ ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ዶርትሙንድ ሪያል ማድሪድን 4 ለ 1 ያሸነፈበትን። ሁሉም ሰው የሌዋንዶውስኪን አራት ግብ ነው የሚያየው፣ እናንተ ግን ሮናልዶ ባለበት በኩል ያለውን ተከላካይ ተመልከቱ። ሁለተኛ የ2014ቱን ፖላንድና ጀርመን። ሦስተኛ የ2021ዱን የጥሎ ማለፍ ፍጻሜ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ላይ ያለው ፒሽቼክ ሁለት የተለያየ ተጫዋች ነው። የ2013ቱ በሩጫ ይደርሳል፣ የ2021ዱ ቀድሞ ቆሞ ይጠብቃል። ሙሉውን 90 ደቂቃ ካገኛችሁ ቅንጭብጫቢውን ቪዲዮ ተዉት። የተከላካይ ሥራ ቅንጭብጫቢ ላይ አይታይም።